ኢልሊ በየጠዋቱ የምታደርገው

ይህን የምታነበው አንተ፣ የምትወደው ሰው በየቀኑ ምን እንደሚያደርግ ብትጠየቅ፣ ሳትዋሽ ስንት ዓረፍተ ነገር ትጽፋለህ? ቀነኒ አንድ ገጽ ሙሉ ጽፋለች። ከዚያ ገጽ ውስጥ በዓይኗ ያየችው አንድም የለም፤ ሁሉንም በስልክ ተቀብላ፣ ወደ እንግሊዝኛ ገልብጣ፣ በየግሱ ጅራት ላይ ያቺን እባብ የመሰለች ኤስ ለጥፋ ነው ለአስተማሪዋ ያቀረበችው። አሁን አልጋዋ ላይ ተንጋልላ፣ ዓይኗን ጣሪያው ላይ ተክላ፣ ያንኑ ገጽ በቃሏ ትወጣዋለች። ማይ ዶተር ሊቭስ ኢን ማንኩሽ። ልጄ ማንኩሽ ትኖራለች። ሺ ሜክስ ቲ። ሻይ ታፈላለች። እንቅልፍ እንደሆነ ከካርቱም ጀምሮ የከዳት ነገር ነው፤ አልፎ አልፎ እንደ ተፋታ ባል ብቅ ይላል እንጂ አያድርም። ውጭው ሊነጋጋ ነው፤ የዊኒፔግ በረዶ መስኮቱን እስከ ወገቡ ይዞታል። ጥቂት ቆይቶ ስልኩ ይጮሃል። ብቻቸውን ለሚኖሩ አረጋውያን የተዘረጋ አገልግሎት ነው፤ የተቀዳ የሴት ድምፅ ደህና መሆኗን ይጠይቃል፣ ደህና ከሆነች አንድ ቁጥርን ትጫናለች፣ ካልተጫነች ሰው ይላክላታል ብለዋታል። አንድ ጠዋት ሳትጫን ቀርታ ማን እንደሚመጣ ለማየት አስባ ነበር። ከዚያ፣ ማንም ባይመጣስ ብላ ተጫነች።

ትምህርቱ የሚሰጠው ቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት ውስጥ ነው፤ እላይ መጻሕፍቱ፣ እታች ማንበብ የማይችሉት። አስተማሪዋ ጆዲ ትባላለች፣ የልጅ ልጇ ለመሆን የምትደርስ፣ ሽማግሌውንም አሮጊቷንም በስሙ ብቻ የምትጠራ። የመጀመሪያው ቀን "ቀነኒ" ስትላት ዞር ብላ አላየቻትም፤ አንድ የሰፈር ልጅ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ የተጣራ ነው የመሰላት። ጆዲ ሰሌዳው ላይ እየጻፈች፣ ይህ የግስ መልክ ዘወትር ለሚሆን ነገር ነው አለች፤ ፀሐይ በምሥራቅ ትወጣለች፣ ውሃ ሲሞቅ ይፈላል፣ ወንድሜ አውቶቡስ ይነዳል፣ እኔ ቡና አልወድም። ቀነኒ እንዲህ ያለ ድፍረት አይታ አታውቅም። አሶሳ በልጅነቷ ሚሲዮኖቹ ትተውት የሄዱትን የመጽሐፍ ሣጥን እስከ ወለሉ አንብባዋለች፤ ካርቱም ከአንድ ጡረታ ከወጣ ዳኛ ቤት ስትሠራ፣ አቧራ እጠርጋለሁ እያለች የዓረብኛ መደርደሪያውን ከዳር እስከ ዳር ጨርሳለች፤ ፈላስፋውም ታሪክ ጸሐፊውም ባለቅኔውም ነገር ሁሉ አላፊ ነው ሲሉ ነው ያገኘቻቸው። እነዚህ ሰዎች ግን ሳይለወጥ ለሚኖር ነገር ግስ አበጅተው ለስደተኛ በነፃ ያድሉታል። እሷ ባደገችበት ምን ዘወትር የሚሆን አለ? መንገዱ ይከፈታል፣ መንገዱ ይዘጋል። ሹም ይመጣል፣ ሹም ይወርዳል። ወንዙ እንኳ፣ ያ የማይቆመው ወንዝ፣ ጉባ ላይ ቆሞ ሐይቅ ሆኗል አሉ።

"ከቤተሰባችሁ አንድ ሰው ምረጡ፤ የየዕለት ሥራውን ጻፉ" አለች ጆዲ። ከጎኗ የሚቀመጠው የቬትናም ሽማግሌ ስለ ውሻዬ ልጻፍ ብሎ ተፈቀደለት። ቀነኒ እርሳሷን ይዛ ቁጭ አለች። ስለ ማን ትጻፍ? እናትና አባቷ ሞተዋል፤ እህትና ወንድሟ እንደሷው አርጅተው ደጃፍ ይውላሉ፣ የሚጻፍ ሥራ የላቸውም፤ ባሏ ሱዳን፣ ደማዚን ላይ ሌላ አግብቷል። ያለቻት አንድ ልጅ ናት፣ ኢልሊ፤ ኢልሊ ደግሞ ሁለት ክረምት ሙሉ ድምፅዋን አላሰማቻትም።

ትታት ስትሄድ ልጅቷ የወተት ጥርሷን አልነቀለችም ነበር። ባምባሲ፣ የእህቷ የብሪቱ ደጃፍ፣ ከማንጎው ሥር ቆማለች፤ ጦርነቱ ወደ አሶሳ እየቀረበ ነው፣ ሰው ሁሉ ዕቃውን ያስራል፣ ባሏ ቀድሞ ተሻግሮ ነይ ብሎ ልኳል፣ ሕፃን ይዞ ያንን በረሃ ማቋረጥ አይሞከርም ተብሏል። "ማንጎው ሲበስል እመጣለሁ" ትላታለች። ኢልሊ ወደ ማንጎው ቀና ብላ ታያለች፤ ገና አበባ ነው። ወደ ኩርሙክ የወሰዳት ጁምዓ የሚባል በርታ ነጋዴ ነው፣ ሰሊጥ በአህያ የሚያሻግር፣ አማርኛው ወንድና ሴት የማይለይ። "አንተ ሴት፣ ና! ኋላ አትይ" ይላታል። "ሱዳን ቅርብ ነው፣ ወላሂ። ኋላ የሚያይ ሰው እግሩ ድንጋይ ይመታል።" አላየችም። ጣቷንም ድንጋይ አልመታትም። ማንጎው በሰለ፣ ረገፈ፣ እንደገና አበበ፤ ድንበሩ ተዘጋ፣ ተከፈተ፣ እሷ ከደማዚን ካርቱም፣ ከካርቱም የሰው ቤት፣ ከሰው ቤት የስደተኞች ቢሮ ወረፋ ገባች፣ ከወረፋው ስትወጣ አርጅታ ነበር፣ የወጣችውም እዚህ ነው። ይህን ስታስብ አታለቅስም። ሌላ ሰው ላይ የደረሰ፣ የት እንዳነበበችው የረሳችው ታሪክ ይመስላታል።

ልጅቷ ካደገች በኋላ በስልክ ተዋወቁ። ኢልሊ ብሪቱን አዮ ነው የምትላት፣ እናቴ። እሷን በስሟ ትጠራታለች። "ቀነኒ፣ ደህና ነሽ? እኛ ደህና ነን፣ ብርዱ እንዴት ነው?" ብላ ስልኩን ለብሪቱ ትሰጣለች። ባልም ልጅም አልቀናትም፤ በመጨረሻ ግድቡ ሥራ ሲያመጣ ማንኩሽ ሄዳ ሻይ ቤት ከፈተች። ከዚያ የደወለችው አንድ ጊዜ ነው። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲቀጠቅጠው ይሰማል። "ቀነኒ፣ አይሰማኝም፣ ዝናቡ ነው፣ ቆይ መልሼ እደውላለሁ" አለች። አልደወለችም። ሲቆይ ቀነኒ ብሪቱን ጠየቀች። ኔትወርክ የለም ተባለች። ቀጥሎ መንገድ ተዘግቷል፣ ቀጥሎ ስልኳ ተሰርቋል፣ ቀጥሎ ግልገል በለስ ዕቃ ልታመጣ ሄዳለች። "ሰላም ትልሻለች" ትላለች ብሪቱ ሁልጊዜ፣ "ደህና ናት፣ ትሠራለች፣ ሰላም ትልሻለች።" ቀነኒ ሞኝ አይደለችም፤ ብዙ አንብባለች። ሰው ስልክ የማያነሣው ሲቀየም ነው። ልጅቷ ተቀይማለች፤ ይህን ሁሉ ዓመት የያዘችውን ቂም አሁን አውጥታዋለች፤ ብሪቱ ደግሞ መሐል ቆማ ትሸፋፍናለች። መጀመሪያ ይገባታል አለች። ከዚያ ነገሩ እያደር ከነከናት። ያለፈው ፋሲካ በስልክ እንዲህ አለች፦ "ንገሪያት። እናቷን የማታናግር ልጅ እናት የላትም። ከዛሬ ጀምሮ እኔም ልጅ የለኝም። ቃል በቃል ንገሪያት።" ከወዲያ ብሪቱ ስትተነፍስ ይሰማ ነበር። "እነግራታለሁ" አለች። በሳምንቱ ስትደውል ቀነኒ ሌላ ነገር ሳታስቀድም "ነገርሻት?" አለች። "ነገርኳት።" "ምን አለች?" "ዝም አለች" አለች ብሪቱ።

ልጅ የለኝም ብላ ስታበቃ የቤት ሥራው መጣ። የሚጻፍበት ሌላ ሰው አልነበራትም፤ እልኋን ውጣ ወደ ባምባሲ ደወለች።

"ኢልሊ ጠዋት ስትነሣ ምን ታደርጋለች?"

"ማለት?"

"በየቀኑ። ምን ምን ትሠራለች?"

"ምነው፣ ፖሊስ ሆንሽ እንዴ?"

"ለትምህርት ነው። ጻፉ ብለውናል።"

"ወይ አንቺ ሴትዮ! የመቃብር ጉድጓድሽ ተለክቶ አንቺ ፊደል ትቆጥሪያለሽ? ባለፈው መነጽሬ ጠፋኝ ብለሽ ግንባርሽ ላይ አላገኘሽውም?"

"ብሪቱ፣ የምሬን ነው የጠየቅኩሽ።"

ከወዲያ ዶሮ ሲጮህ፣ በር ሲዘጋ፣ ወንበር ሲጎተት ተሰማ። ብሪቱ ተቀምጣ መሆን አለበት።

"ትነሣለች" አለች ቀስ ብላ። "ማለዳ ትነሣለች። ደጁን ትጠርጋለች። ጠረጋ አትወድም፤ ከልጅነቷ ጀምሮ መጥረጊያውን የምትደብቀው ማንጎው ላይ ነው። ግን ትጠርጋለች። እሳት ታያይዛለች። ለሹፌሮቹ ሻይ ታፈላለች፤ ዝንጅብል ታበዛለች፣ አቃጠልሽን ሲሏት ትስቃለች፣ የሚያቃጥላችሁ ኃጢአታችሁ ነው ትላቸዋለች። ሥጋ አትወድም። ዓሣ ትበላለች። እሑድ መዘምራን ውስጥ ናት፤ ከኋላ ነው የምትቆመው፣ ረጅም ስለሆነች።"

"ረጅም ናት?"

"ካንቺ በራስ ትበልጣለች። ጎንበስ እያለች ነው በር የምትገባው። ጫማ ስታወልቅ በቁሟ ነው፣ ግድግዳ ሳትይዝ። ስትተኛ እጇን ጉንጯ ሥር ታደርጋለች…"

"ቀስ በይ፣ እየጻፍኩ ነው። ድምፅሽ ምን ሆነ?"

"ጉንፋን ነው" አለች ብሪቱ፣ "ጻፊ፣ ገና አልጨረስኩም፣ ጻፊ።"

እህቷ ያን ያህል ስለ ኢልሊ አውርታላት አታውቅም። ቀነኒ ደስ አላት፤ ቀናች፤ ሁለቱንም ወደ እንግሊዝኛ ገለበጠችው።

ክፍል ውስጥ ቆማ ስታነብ ጆዲ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ሰማቻት፤ አንድም ኤስ አልጎደለም ብላ አስጨበጨበችላት። ከኋላ ግን የዝናሽ የምትባለዋ ወንበሯን ገፍታ ብድግ አለች። የዝናሽ የግልገል በለስ ልጅ ናት፣ ባሏ ዋኘው አስመጥቷት ገና ዓመት ያልሞላት፤ ስትደሰትም ስትደነግጥም እኩል ነው የምትጮኸው።

"እማማ! ማንኩሽ አሉ? ወንድሜ ምንይሉ እዚያ አይደል እንዴ የሚነዳው! ሲኖትራክ ይነዳል! ምነው እስከ ዛሬ ዝም አሉኝ?"

"ምን ላድርግልሽ ብዬ? ሲኖትራክ ልግዛ?"

"አዪዪ፣ እርስዎ ደግሞ! ሄዶ ሰላም ይበልልዎታ! ዝንጅብል የምታበዛ፣ ረጅም፣ ኢልሊ የምትባል፤ ሹፌር የሻይ ቤት ሴት አይጠፋውም። ስልኩን ይሰጣታል፣ በቪዲዮ ያዩዋታል።"

"አልፈልግም ትለው ይሆናል።"

"እናቷን?"

"እኔን" አለች ቀነኒ።

"በእንግሊዝኛ፣ በእንግሊዝኛ!" አለች ጆዲ እየሳቀች፣ እያጨበጨበች።

ምንይሉ እንዲሄድ መፍቀዷ ትዕቢቷን ነካው፤ ፈቀደች ግን። አንድ እንግዳ ሰው ስልክ ሲዘረጋላት ልጅቷን እምቢ ማለት ያሳፍራታል፤ ፊቷን አያለሁ፣ ከዚያ ልትዘጋው ትችላለች፤ የምፈልገው ይህን ያህል ነው አለች ለራሷ። ሳምንት ቆይታ ስትጠብቅ የዝናሽ ከትምህርት ቀረች። በሚቀጥለው መጣችና ከቬትናሙ ሽማግሌ ጀርባ፣ ጥግ ይዛ ተቀመጠች። ሲወጡ ቀነኒ ደረጃው ላይ ያዘቻት። "ወንድምሽ አገኛት?" የዝናሽ ያቀፈችውን ሕፃን ልጇን ኮፍያ ማሰር ያዘች፣ የታሰረውን። "ኔትወርክ የለም፣ እማማ" አለች። ያንኑ ቃል፣ የብሪቱን ቃል። ቀነኒ ሌላ አልጠየቀችም። አግኝቷታል፣ ኢልሊ እምቢ ብላለች፣ የዝናሽ ደግሞ ይህን ለመናገር አፍራ ነው። ያኔ ሌሊቱን ሙሉ የተናገረችውን ማንም አልሰማም፤ ያቺን ረጅም፣ ዝንጅብል አብዝታ የምትስቅ ሴት በማታውቀው ሻይ ቤት ውስጥ አቁማ ሰደበቻት፣ ቆይታ ለመነቻት፣ መልሳ ሰደበቻት።

ይኸው አሁን በሩ ይንኳኳል። ስልኩ ነበር መጮኽ ያለበት፤ በሩ ነው የሚንኳኳው። ቀነኒ ካፖርቷን በሌሊት ልብሷ ላይ ደርባ በሩ ላይ ባለችው ቀዳዳ አየች። የዝናሽ ናት። ከወፍራም የብርድ ልብሷ በላይ ነጠላ አድርጋለች፣ ጥለቱ ወደ ላይ ተዘቅዝቆ። ከኋላዋ ዋኘው በጥቁር ኮት ቆሟል፣ እጆቹን አጣምሮ። ከሱም ኋላ፣ በዓለም ላይ ማንም ባልጠበቀው ሁኔታ፣ ጆዲ፤ በፎይል የተጠቀለለ ነገር ታቅፋ፣ የት እንደምትቆም የጠፋት። ቀነኒ ሁሉንም አነበበችው። ጎሕ ሲቀድ ሰብሰብ ብሎ የሚመጣ የአገር ሰው ሥራው አንድ ነው። መርዶ ነው።

ብሪቱ ሞተች አለች በልቧ። ጉንፋኑ ጉንፋን አልነበረም። በሩን እስክትከፍት በነበረው ጊዜ ውስጥ ስለ እህቷ ምንም አልተሰማትም፤ አንድ ነገር ብቻ ነው ሽው ያለባት፦ አሁን መሐል የሚቆም የለም፣ ለለቅሶው ኢልሊ ባምባሲ ትመጣለች፣ ያኔ ስልኩን ራሷ ታነሣለች። ይህን በማሰቧ አላፈረችም።

"ግቡ። ተቀመጡ። ብሪቱ ናት?"

ዋኘው አልተቀመጠም። ያዘጋጀው ንግግር ነበረው፣ መንገድ ላይ ሲያጠናው የመጣ። "እማማ፣ እንግዲህ ሰው አገሩ ቢርቅም ወገን አያጣም። እኛም ልጆችዎ ነን። እግዚአብሔር የሰጠውን…"

"ብሪቱ ናት ወይ ነው ያልኩህ።"

"ወየው፣ እማማዬ" አለች የዝናሽ፣ "ኢልሊ ናት።"

ቀነኒ ቆማ ነበር፣ እንደ ቆመች ቀረች። የዝናሽ ወገቧን ይዛታለች፣ እንዳትወድቅ፤ አልወደቀችም። ዋኘው የቀረውን እየዘለለ ተናገረ። ወባ ነው። የዛሬ ሁለት ክረምት። ሆስፒታል ሊያደርሷት መንገድ ላይ ሳሉ ነው፤ ባምባሲ ተወስዳ ተቀበረች። ምንይሉ ሻይ ቤቱን ጠይቆ ሲሄድ ሌላ ሴት ነበረችበት፣ እሷ ናት የነገረችው። የዝናሽ ከዚያችው ሴት በተገኘው ቁጥር ባምባሲ ስትደውል ብሪቱ ስልኩ ላይ አለቀሰች፤ ሁለት ዓመት ሙሉ እዚያ ከተማ ወገን ስፈልግ ነበር አለች፤ ብቻዋን ናት፣ የሚይዛት የለም፣ መርዶ በስልክ ተነግሮ ያውቃል ወይ፣ ብትወድቅብኝ ማን ያነሣታል፣ ሰው ስታገኙ፣ በወጉ፣ በማለዳ፣ ቢቻል ሰብሰብ ብላችሁ። "እኛ ሁለት ነን" አለ ዋኘው፣ አንገቱን ደፍቶ። "ሰው ማነሱ ከነከነን። የሚያውቅዎት ሌላ ሰው ስናጣ መምህሯን ለመንናት።" ጆዲ ስሟ እንደተነሣ ገብቷት ቀና አለች። ታቅፋ የመጣችው የሙዝ ዳቦ ነበር። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ ቀስ ብላ፣ ጅራቱ ላይ ኤስ የሌለበት አጭር ቃል ተናገረች፣ አዝናለሁ። ቀነኒ እጇን ጨበጠችላት፤ እንግዳ ነበረችና።

ስልኩ ጮኸ። ሦስቱም ደነገጡ፤ ባምባሲ ነው ብለው ነው። የተቀዳችው ሴት ናት። ደህና ነዎት? ደህና ከሆኑ አንድን ይጫኑ። ቀነኒ አንድን ተጫነች።

ቀጥሎ የጮኸው የየዝናሽ ስልክ ነበር። እዚያ ከሰዓት በኋላ ነው፤ የብሪቱ ቤት ሰው ሞልቶታል፣ ሲንሾካሾክ ይሰማል። መጀመሪያ የያዘው ታላቅ ወንድማቸው ሌንጂሳ ነው፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ ድምፁ እንደ ወንበር የከበደ። ጸሎት አደረገ። እግዚአብሔር ያጽናሽ አለ። "ብሪቱ ላይ አትጨክኚ" አለ፤ "ሁላችንም መክረን ነው። ወጋችን ነው። ብቻሽን ባትሆኚ ያኔውኑ ትሰሚ ነበር። አሁን ይቅር ለእግዚአብሔር ተባባሉና ልቅሶአችሁን በአንድ አልቅሱ።"

"ብሪቱን ስጠኝ" አለች ቀነኒ።

ብሪቱ አለቀሰች። ቀነኒ እስክታበቃ ጠበቀቻት፣ በስደተኞች ቢሮ እንደ ለመደችው ወረፋ።

"ለፋሲካ ንገሪያት ያልኩሽን ታስታውሻለሽ?"

"ቀነኒ፣ እባክሽ፣ ቤቱ ሰው ነው።"

"እናት የላትም፣ እኔም ልጅ የለኝም፣ ቃል በቃል ንገሪያት አልኩሽ። ነገርኳት አልሽኝ።"

"አልዋሸሁሽም" አለች ብሪቱ። "ሌላውን ሁሉ ዋሽቻለሁ፣ ያንን አልዋሸሁም። አደራ ነው ብዬ መቃብሯ ላይ ሄድኩ። ቁጭ ብዬ ነገርኳት፣ ቃል በቃል፣ እንዳልሽው። ዝም አለች።"

እህትማማቾቹ የተነጋገሩት በኦሮምኛ ነው፣ የዝናሽ አትሰማውም፤ ግን ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ዋኘው ግድግዳውን ያያል። ጆዲ ማንን ማቀፍ እንዳለባት ከአንዱ ወደ አንዱ ትመለከታለች። ቀነኒ ሁለት ዓመት ሙሉ የሞተች ልጇን ስትቀየም፣ እነዚያ በስልኩ ማዶ ያሉት ሁሉ፣ ጸሎተኞችም ሽማግሌዎችም፣ ሲያውቁ፣ ሰላም ትልሻለች ሲሏት። እሷም እዚህ ተኝታ ሬሳ ስትሰድብ።

ሌንጂሳ ስልኩን መልሶ ወሰደ። "ሰማሽ አይደል፤ አደራሽን ሳታስቀር አድርሳለች። ከዚህ በላይ እህት የት ይገኛል? በይ እንግዲህ፣ በሰው ፊት ይቅር በያት።"

"አልላትም።"

"ቀነኒ!"

"አንተንም አልልህም። እዚያ የተቀመጡትንም።"

"ሐዘን ነው የሚያናግርሽ። የሞተችውን ልጅ ብለሽ…"

"እሷንም" አለች ቀነኒ። "እኔንም። ማንንም ይቅር አልልም።"